ከሳጥኑ አፍ በላይ

ስለ ምግብ ብክነት ወሬ ከተነሳ ጣት የሚቀሰረው ሳህን ላይ ነው። በየዓይነቱ አዝዞ ግማሹን ትቶ የሚነሳ ሰው፣ ሠርግ ላይ የሚደፋ ወጥ፣ ያደረ እንጀራ አልነካም የሚል ልጅ። የለም አልልም፤ አለ። ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ አትክልት ቤት አለችኝ፣ ለጥቂት ምግብ ቤቶችም አቀርባለሁ። ስለዚህ በጓሮ በር ምን ተደፍቶ እንደሚወጣ በዓይኔ አያለሁ። ግን በየቤታችን ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፣ የደረቀው ድርቆሽ ይሆናል፣ ከዚያ ያለፈው ለበግ ይሰጣል። ለተረፈ ምግብ መላ አናጣም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሳህን ሳያይ የሚቀረው ነው።

አንዷ ደንበኛዬ "ኧረ ቲማቲም ምነው እንዲህ ተወደደ?" አለችኝ። "ከምትከፍይው ውስጥ የተወሰነው የበሰበሰው ሒሳብ ነው" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አልቀለድኩም። አንድ ሳጥን ስገዛ የሚጣለውን አስቀድሜ ገምቼ፣ ዋጋውን በቀረው ላይ ነው የምጭነው። ቸርቻሪ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ካላደረገ ይዘጋል።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ለሰው ምግብነት ከሚመረተው አንድ ሦስተኛው፣ በዓመት 1.3 ቢሊዮን ቶን ገደማ፣ እንደሚባክን ገምቶ ነበር። በ2019 ደግሞ ነገሩን ከፋፍሎ ሲያየው፣ ከአዝመራ በኋላ ቸርቻሪው ደጅ ሳይደርስ ብቻ 14 በመቶ ያህሉ ይጠፋል አለ። ከቸርቻሪው ጀምሮ ያለውን የሚቆጥረው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ነው። ለ2022 ያወጣው ቁጥር 1.05 ቢሊዮን ቶን ሲሆን 60 በመቶው የተጣለው በየቤቱ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ሰው ሰምቶ ያልፈዋል። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ኪሳራው የሚወድቀው ማን ላይ ነው?

ምክንያቱም በኛ ገበያ አበላሹና ከፋዩ አንድ ሰው አይደሉም። ለቃሚው የቀኑን ሒሳብ ይቀበላል። ገበሬው እዚያው ማሳው ላይ ይሸጣል። ደላላው ኮሚሽኑን ይይዛል። ጫኝና አውራጅ በሳጥን ይከፈለዋል፣ ሹፌሩ በጉዞ። ቲማቲሙ ሲላሽቅ እነዚህ ሁሉ ገንዘባቸውን ቆጥረው ቤታቸው ገብተዋል። የሚያለቅሰው ሳጥኑን የከፈተው ነው። እሱም ከደንበኛው ኪስ ያካክሰዋል። እንግዲህ ማን ምን ብሎ ይጠንቀቅ?

ሳጥኑን እንየው። ለኔ የሚመጣው የፎገራ ቲማቲም ለረጅም ጊዜ የተጫነው በእንጨት ሳጥን ነው። ያልተላገ ጣውላ፣ በምስማር የተመታ፣ ጠርዙ እጅ የሚቆርጥ። ደላላው ዋጋ የሚቆርጠው በሳጥን እንጂ በኪሎ አይደለም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። በሳጥን ከሆነ ገዢ ሳጥኑ እንዲቆለልለት ይፈልጋል። ሻጭ ቆልሎ ካላቀረበ ገዢው ወደ ጎረቤቱ ያልፋል። ስለዚህ ቲማቲሙ ከሳጥኑ አፍ በላይ ብቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ሌላ ሳጥን ይጫንበታል። በላዩ ሌላ። የላይኛው ሳጥን ክብደት ማረፍ የነበረበት በታችኛው ሳጥን ጣውላ ላይ ነው። የሚያርፈው ግን ቲማቲሙ ላይ ነው።

ያቺ ከአፉ በላይ ያለችው ምርቃት መሆኗ ነው። ገዢው ምርቃት አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል። አይሱዙው ከማሳው ኮረኮንች ወጥቶ አስፋልቱን እስኪይዝ ድረስ ያቺ ምርቃት ከሥሯ ያለውን ስትጨፈልቅ ትቆያለች። ከፎገራ ከተማ ከወረታ ባሕር ዳር ሩቅ አይደለም፤ 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አስፋልቱ ላይ ከወጣ በኋላ ብዙ ችግር የለም። ጉዳቱ የሚያልቀው ከማሳው እስከ አስፋልቱ ባለችው አጭር መንገድና በጭነቱ ሰዓት ነው።

ወረታ ዳር የማውቃቸው አንድ ገበሬ አሉ፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል። "አባቴ፣ በአፉ ልክ ቢሞላ ምን አለበት?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እኔ በልኩ ብሞላ ጎረቤቴ ቆልሎ ይሸጥብኛል። አንቺስ ብትሆኚ የማንን ትገዢ ነበር?"

የጎረቤታቸውን እገዛ ነበር። ምን ልዋሽ።

ሳጥኑ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የላይኛው ረድፍ ተደፍጥጦ የጣውላው መስመር ቲማቲሙ ጀርባ ላይ ታትሟል። ጎን ጎኑን ያለው በምስማር ተወግቷል፣ ወይም በጣውላው ጠርዝ ልጣጩ ተፍቋል። መሐሉ ደህና ይመስላል። እጄን ሰድጄ ስነካው ግን ይሞቃል። ቀትር ላይ ተለቅሞ፣ ሸራ ተለብጦበት፣ የማሳው ሙቀት ከሆዱ ሳይወጣ ነው የመጣው። ቲማቲም ከተለቀመ በኋላም ይተነፍሳል። በሞቀ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ቶሎ ይበስላል፣ ቶሎ ይላሽቃል። አንዱ ከፈነዳ ውኃው ወደ ታች እየወረደ በደረሰበት ሁሉ ሻጋታ ይዘራል። ዛሬ ጥቂት የፈነዳ ያለበት ሳጥን፣ ካልተለየ፣ ነገ ጠዋት ከሥሩ ያንጠባጥባል።

ስለዚህ ዕቃ በገባበት ቀን ምሳ ሳይበላ ልየታ ነው። ጠጠር ያለው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የተሰነጠቀው ግን ያልሸተተው በዚያው ጠዋት ለምግብ ቤት ይሄዳል፤ ለስልስና ለቁሌት ማን ቅርፁን ያያል? በዋጋው ቀድመን ተነጋግረናል፣ በጣም ይቀንሳል። የኔ ቅድመ ሁኔታ እስከ ረፋድ መጥተው እንዲወስዱ ብቻ ነው። ከዚያ የወረደው ከብት ለሚያደልብ ሰው ይሰጣል። ሻጋታ የነካው ለከብትም አይሆንም፣ ጉድጓድ ይገባል። ትል የገባበትም ይለያል። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ተባይ አገራችን መግባቷ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደህና መስሎ ጉንጩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ምልክት ያለበትን ቲማቲም የማየት ልማድ አውጥተናል። ትሉ ውስጥ ካለ ሳጥን ውስጥም ሆኖ መብላቱን አያቆምም።

ይህ ሁሉ ግን ከረፈደ በኋላ የሚደረግ ነው። ያተርፋል፣ አያድንም።

ሳጥኑን መለወጥ የሚለውን ሐሳብ ሁሉም ያውቀዋል። ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ 20 ኪሎ ገደማ የሚይዝ፣ ሲደራረብ ክብደቱ በጠርዙ የሚወርድ። የግብርና ባለሙያዎችም ሲመክሩት ኖረዋል። እኔም ገዛሁ። ዋጋ የሚቆረጠው በሳጥን እስከሆነ ድረስ ግን ፕላስቲኩንም ይቆልሉታል! ለውጥ ያየሁት ሚዛን ይዤ ማሳው ድረስ ሄጄ በኪሎ መግዛት ስጀምር ነው። በኪሎ ከሆነ መቆለል ለማንም አይጠቅምም። እኚያው አባት ራሳቸው ለቃሚዎቹን "በአፉ ልክ! በአፉ ልክ!" እያሉ ሲቆጡ ሰማኋቸው። ማንም አላስተማራቸውም፣ ሥልጠናም አልወሰዱም። ሒሳቡ ተለወጠ፣ አለቀ።

ሌላም ነገር ተስማማን። ለቀማው ጠዋት፣ ጤዛው እንደደረቀ ይሁን። የተለቀመው ጥላ ሥር ይቆይ። መቅላት የጀመረው ለኔ ይምጣ፣ ሙሉ በሙሉ የቀላው እዚያው ወረታ ይሸጥ። ለዚህ በኪሎ ትንሽ ጨምሬ እከፍላለሁ። ጨምሬ ከፍዬም ይቀረኛል፣ ምክንያቱም የምጥለው ቀንሷል። ሸራውን በተመለከተ ከሹፌሩ ጋር ገና እንጨቃጨቃለን። እሱ አቧራና ዝናብ ይፈራል፣ እኔ ሙቀት እፈራለሁ። በጎንና በጎን ነፋስ እንዲያስገባ ከፍ ተደርጎ ቢታሰር ሁለታችንም እንድናለን። "እሺ እታለም" ይላል። በማግሥቱ አጥብቆ አስሮት ይመጣል። ቀድሞ ጭነት ማታ ተነስቶ በቀዝቃዛው ይገባልኝ ነበር። አሁን በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት በቀን ነው የሚመጣልኝ፣ መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ የተለቀመው እዚያው ያድራል። ለዚህ የሚሆን ሳጥን ማንም አልሠራም።

እዚህ ላይ "እንግዲያው ሁሉም በኪሎ ቢሸጥ አለቀ" የሚል ካለ ሽንኩርትን አሳየዋለሁ።

ሽንኩርት በኪሎ ነው የሚሸጠው። ታዲያ ምን ሆነ? ውኃ ይጠጣል። ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት መስኖው መቆም አለበት፤ ቅጠሉ እንዲተኛ፣ አንገቱ ቀጥኖ ደርቆ እንዲዘጋ። ነገር ግን ውኃ ክብደት ነው፣ ክብደት ደግሞ ብር ነው። ዋጋ የናረ ሰሞን ማን ሁለት ሳምንት ይታገሣል? ዛሬ አጠጥቶ ከነገ ወዲያ ይነቅላል። በዚያ ላይ ዩሪያ ከበዛበት ራሱ ይተልቃል፣ ግን ልል ነው፣ አንገቱም ወፍራም ነው። ሲያዩት ያምራል። ቀዩ ልጣጭ ያብረቀርቃል። አንገቱን በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ግን እርጥብ ነው፣ ሳምንት ሳይሞላው ከዚያው ይጀምረዋል። አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ያለበት ጆንያ ሽታው ከበር ይቀበላችኋል።

ቲማቲም በሳጥን ስለሚሸጥ ይቆለላል። ሽንኩርት በኪሎ ስለሚሸጥ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ነገሩ ሚዛን መያዝና አለመያዝ አይደለም። የምንከፍለው ለምንድነው የሚለው ነው። እኔ አሁን ሽንኩርት ስገዛ አንገቱን አይቼ ነው ዋጋ የምናገረው፤ ለደረቀው አንድ ዋጋ፣ ላልደረቀው ሌላ። ደላላው "ይቺ ሴትዮ ሽንኩርት ልታገባ ነው እንዴ እንዲህ የምትመርጠው" ይላል። ይበል።

የፎገራን ነገር ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገረው። ሜዳው ክረምት ላይ ሩዝ ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ከጉማራና ከርብ ወንዝ በሞተር ፓምፕ ውኃ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተከላል። ሁሉም በአንድ ሰሞን ይተክላል፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይነቅላል። ገበያው ይጥለቀለቃል። ዋጋው የነቃዩን የቀን ሒሳብ የማይችልበት ደረጃ ሲወርድ ማሳው ላይ ይተውትና ከብት ይለቁበታል። ይህንን ኪሳራ ማንም በሳጥን አይቆጥረውም፣ ምክንያቱም ሳጥን ውስጥ አልገባም። ክረምት ሲገባ ያው ሽንኩርት እሳት ይሆናል፣ ያው ገበሬ ለቤቱ በኪሎ ይገዛል።

የሚያናድደው ሽንኩርት ማቆየት ከቲማቲም ጋር ሲተያይ ቀላል መሆኑ ነው። አንገቱ በደንብ የተዘጋ ሽንኩርት ጥላ ሥር ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ነፋስ በሚያሳልፍ ቆጥ ላይ ሳሳ ተደርጎ ከተሰጣ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። የእንጨትና የቀርከሃ ሥራ ነው። ማቀዝቀዣ አይጠይቅም። ሽንኩርት የሚጠላው እርጥበትና በማዳበሪያ ከረጢት ታፍኖ መደራረብን ነው። እንግዲያው ለምን አያቆዩትም? ለኚያ አባት ይህንንም ጠይቄያቸዋለሁ። "ሽንኩርቱ ይቆያል፣ ዕዳው አይቆይም" አሉኝ። የፓምፑ ነዳጅ በዱቤ ነው። ዘሩ በዱቤ ነው። አበዳሪው ሽንኩርቱ የሚነቀልበትን ቀን ከሳቸው በላይ ያውቀዋል። ቆጥ ሥሩ ብሎ መምከር ጥሩ ነው፤ ሁለት ወር የሚታገሥ ብድር አብሮ ከሌለ ግን ቆጡ የዶሮ ማደሪያ ነው የሚሆነው።

"ፍሪጅ ብትገዢስ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ፍሪጅ ለሁሉም አንድ አይደለም። ቲማቲምና ማንጎ 13 ዲግሪ አካባቢ ይስማማቸዋል። ከ10 ዲግሪ በታች ለቀናት ከቆዩ ይጎዳሉ፤ ጣዕማቸው ይሞታል፣ ሲወጡ ይላሽቃሉ። ጎመንና ሰላጣ ግን ወደ ዜሮ የቀረበ ብርድ ነው የሚወዱት። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ማስደሰት አይቻልም። አብሮ መቀመጥም ችግር አለው። ማንጎ፣ ሙዝና የበሰለ ቲማቲም ኢታይሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ጎመን አጠገባቸው ካደረ ቢጫ ይሆናል። ሙዝና ጎመን በአንድ ጭነት የሚያመጣ ሹፌር ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነበር። መብራት ሲሄድ ደግሞ ፍሪጅ የታፈነ ሳጥን ነው።

ጓሮዬ ያለችው ማቀዝቀዣ ከጡብ የተሠራች ናት። ሁለት ግድግዳ፣ መሐሉ አሸዋ፣ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ሕንዶች ያስፋፉት ዘዴ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ባሕር ዳር ስትነድ፣ ጎመንና ቃሪያ ጠዋት እንደገቡ ሆነው ያድራሉ። ሐምሌ ላይ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ የሚተን የለም፤ ያኔ መጥረጊያና ባልዲ ማስቀመጫ ትሆናለች። ይህን የምጽፈው "ያለ መብራት የሚሠራ ፍሪጅ" እያሉ የሚያጋንኑ ቪዲዮዎች ስለበዙ ነው። ለበጋ ትሠራለች። ለክረምት አትሠራም።

ስለ ጣና ዓሣ ብዙ አልልም፤ የኔ ሥራ አይደለም። ጎረቤቴ ግን ዓሣ ትሸጣለች፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር አብረን የምንወርድበት ቀን አለ። መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ይነሳል። ምሽት ላይ የገባ ቆሮሶ እስከ ንጋት መረቡ ላይ ሞቶ ነው የሚቆየው። ከውኃ ሲወጣ ግማሽ ዕድሜውን ጨርሷል። ከዚያ በረዶ ከሌለ ሩጫ ነው። በሞቃት አገር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ይመከራል፤ ታንኳ ላይ ያን ያህል በረዶ አይቼ አላውቅም። ዓሣ ላይ ያለው ኪሳራ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይገኝም። ዋጋው ላይ ነው ያለው። ጠዋት በኩራት የተጠራው ዋጋ ከሰዓት በኋላ በልመና ይሆናል፤ ዓሣው ተበልቷል፣ ዓሣ አጥማጁ ግን ከስሯል። ሳይሸጥ የቀረውን ማድረቅ የቆየ መላ ነው። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሄድ የነበረው ደረቅ ዓሣ ብዙ ሰው አሳድሯል።

ወተት ደግሞ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያ 55 ቀን ዓቢይ ጾም። ሰው ይጾማል፣ ላሟ አትጾምም። ወተት አቅራቢ ጓደኞቼ በጾም ሰሞን ፊታቸው ይለወጣል። እናቶቻችን ለዚህ ቅቤ አላቸው፤ ተንጦ፣ ተነጥሮ፣ ለፋሲካ ይጠብቃል። ይህንን በቤት ደረጃ የሠራነውን በከተማ ደረጃ መሥራት ነው ያቃተን።

እህሉንም እንዲሁ ላንሳው። እናቴ ገጠር ናት፣ በቆሎዋን ነቀዝ ሲጨርስባት ኖሯል። ጎተራው ያምራል፣ ነቀዝ ግን ከማሳው ጀምሮ አብሮ ነው የሚገባው። ፒክስ የሚባለውን ከረጢት ወሰድኩላት፤ ሁለት ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ። አፉ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በቆሎው በደንብ ደርቆ መግባት፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ አለመከፈት። ድርቀቱን በጨው ይፈትሹታል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው አድርጎ መነቅነቅ፣ ጨው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና ነው። እርጥቡ ከታፈነ ይሻግታል፣ የሻገተ በቆሎ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ እሱ ከነቀዝ የባሰ ነው። እናቴ ጨውዋን ወዳዋለች። ከረጢቱን ያለመክፈቱ ነው የከበዳት። ለወፍጮ በቀነሰች ቁጥር ስትከፍት ለነቀዙ አየር ታስገባለታለች። አሁን ለወር የሚሆነውን በአንድ ጊዜ አውጥታ ለብቻ ታስቀምጣለች።

ደንበኞቼን ሳልነካ አልሄድም። ቲማቲም በአውራ ጣት አትጫኑ! ጠጠር ማለቱን ለማወቅ ሦስቱን ጨምቃችሁ ሁለቱን ትተዋላችሁ፤ የተዋችኋቸው ማታ ላይ ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ይጠቁራል። ለዛሬ ወጥ ከሆነ ለስለስ ያለውን ውሰዱ፣ ዋጋውም ይቀንስላችኋል። ለሳምንት ከሆነ ንገሩኝ፣ መቅላት የጀመረውን እኔ ራሴ መርጬ እሰጣለሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የቀረውን በግማሽ ዋጋ የማወጣ መሆኑንም ሰፈሩ ያውቃል፤ አንዳንዶቹ ሆን ብለው እስከዚያ ይጠብቃሉ። ግድ የለም፣ ጉድጓድ ከሚገባ ይጠብቁ።

አሁን ያለሁበት ጣጣ የባዶ ሳጥን ጣጣ ነው። የእንጨቱ ሳጥን ርካሽ ስለሆነ ማንም አያሳድደውም፣ ሲሰበር ማገዶ ይሆናል። የፕላስቲኩ ውድ ነው፣ ስለዚህ ወደ ማሳው መመለስ አለበት። አይመለስም። አንዱን ጠላ ቤት ወንበር ሆኖ አገኘሁት። ሌላው የጫጩት ቤት ሆኗል፤ ባለቤቲቱ "ነፋስ ያስገባል ብዬ እኮ ነው" አለችኝ፣ ትክክል ናት። ቢራ ነጋዴ ይህ ችግር የለበትም። ጠርሙሱም ሳጥኑም ማስያዣ አለው፤ ባዶውን ያልመለሰ ገንዘቡ ይቀራል፣ ስለዚህ ማንም ባዶ ጠርሙስ አይጥልም። ለቲማቲም ሳጥን እንዲሁ ይሁን ብዬ ነው የምከራከረው። ከኔ ጋር ከወረታ የሚያስመጡ ሌሎች ነጋዴዎችም ሐሳቡን ወደውታል። አንድ ዓይነት ሳጥን፣ አንድ ዓይነት ማስያዣ፣ የማንም ሳጥን በማንም መኪና ይመለሳል።

የቀረው የመመለሻው ሒሳብ ነው። ሹፌሩ "ባዶም ቢሆን ቦታ ይይዛል፣ ክፈዪኝ" ይላል። ደላላው በሳጥን የሚያገኘው ኮሚሽን ስለሚቀርበት ነገሩን ከነጭራሹ አይወደውም። ገበሬዎቹን ስጠይቃቸው "ቲማቲሙ ያንቺ፣ ሳጥኑም ያንቺ፣ እኛን ምን አገባን" አሉ። ነጋዴዎቹ ደግሞ ግማሹን ገበሬው ይክፈል ባይ ናቸው። ለሚመጣው ለቀማ ሳይደርስ ሁላችንንም አንድ ላይ አስቀምጬ ቡና ላፈላ ነው። ሹፌሩ የሽንኩርት ዘርና ማዳበሪያ ወደ ፎገራ የሚጭንበትን ቀን ነግሮኛል፤ ባዶ ሳጥን አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለሚገባ ከዕቃው ጎን ጥግ ላይ ይበቃዋል። ለዚያ የጠየቀው ዋጋ ብዙ አይደለም። እኔ ሩቡን እችላለሁ ብያለሁ።